አጥቤ የበደልኳቸው ሰው

ማሽኑ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ ዕለት ግቢው ሰርግ ቤት መሰለ። ዘበኛው ሳቀ፣ ሲስተሮቹ አጨበጨቡ፣ እኔም እልል አልኩ። ነጭ ነው። ክብ መስኮት አለው። ሆዱ ውስጥ ልብስ ሲንከባለል ቁጭ ብለሽ እንደ ቴሌቪዥን ታዪዋለሽ። እኔ ግማሽ ቀን አየሁት። ከዚያ ለአንዷ ሲስተር፣ «ጎበዝ ነው፤ ግን አፍ የለውም» አልኳቸው።

«ማሽን ደግሞ አፍ ምን ያደርግለታል፣ ጠጅቱ?»

«ለመጠየቅ ነዋ! ያለ አፍ እንዴት ልብስ ይታጠባል?»

ሳቁብኝ። የቀለድኩ መሰላቸው። ሁልጊዜ ስለምቀልድ የምሬን ስናገር ሰው አያምነኝም፤ የራሴ ጥፋት ነው።

እንግዲህ ማሽኑ ገባ፣ እኔ ወጣሁ። ጣቴን ቀለም አስነክረው ወረቀት ላይ አሳተሙኝ፣ ኬክ ቆረሱልኝ፣ አለቀ። ደሞዜን ለሚጠይቅ፣ እንደ ሳሙና አረፋ ነበር፤ ሲያዩት ብዙ፣ ሲጨብጡት የለም። አሁን ሰበታ ልጄ ቤት ቁጭ ብያለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ቁምስና ሴቶች ደግሞ መጥተው፣ «እማማ ጠጅቱ፣ በሥራ ዘመንዎ ወንጌልን እንዴት እንደኖሩት ይንገሩን» አሉኝ። ወይ ጉድ! ወንጌልን የኖሩት ሌሎች ናቸው፤ እኔ ልብሳቸውን ነው ያጠብኩት። ፊደልም አልቆጠርኩም። እኔ አወራለሁ፣ የልጄ ልጅ ትጽፋለች። ካሳመረችው እሷን ተቆጧት።

ሥራ የጀመርኩት ቡራዩ ነው፣ የሲስተሮቹ ክሊኒክ። ያኔ ቡራዩ እንዲህ ፎቅ በፎቅ አልሆነችም፤ ከብት አስፋልቱ ላይ ተኝቶ መኪና ነበር የሚዞርለት። ክሊኒኩ ማዋለጃ ነበረው። ሴት ስትገላገል ለቤተሰቡ እልልታ ነው፣ ለአጣቢ ግን ገና ምጡ መጀመሩ ነው። አለቃችን ሲስተር ካሮላ ፈረንጅ ነበሩ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። ዘበኛውን፣ ይሄን የሚያህል ጢም ያለውን ሰውዬ፣ «አንቺ ቆንጆ፣ በሩን ክፈቺ» ይሉታል። እኛም ስሙን ረስተን «ቆንጆ» ስንለው ኖርን። ይቆጣል፣ ግን ይመጣል።

ሥራውን ያስተማሩኝ እትዬ ለተማርያም ናቸው። ከአዲግራት በኩል የመጡ፣ ቀጭን፣ እንደ ማስጫ ገመድ ቀጥ ያሉ ሴትዮ። እሳቸው ካቶሊክነትን ከእናታቸው ጡት ጠጥተውታል። እኔ የገባሁት በሳፋው በኩል ነው። ባሌ ነፍሱን ይማረውና ኦርቶዶክስ ነበር፣ «ሳሙና ሰጥተው ቀየሩሽ» ይለኝ ነበር። መጀመሪያ ቅዳሴ የገባሁ ዕለት «መና ከሰማይ ወረደላቸው» ሲባል ሰማሁ። በኛ በኦሮምኛ «መና» ቤት ነው። «እግዜር ለነዚህ ሰዎች ቤት ከሰማይ ያወርዳል፣ እኔን የኪራይ ቤቴ ጣሪያ ያፈስብኛል» ብዬ ቅናት ያዘኝ። ለእትዬ ለተማርያም ስነግራቸው ሳፋው ላይ ተደፍተው ሳቁ።

«እንጀራ ነው እኮ፣ አንቺ!»

«እንጀራማ አለኝ፤ ቤት ነው የጎደለኝ» አልኳቸው።

እጃቸው ግን ወርቅ ነበር። ደም በሙቅ ውሃ አይነካም ይሉኛል። ሙቅ ውሃ ደምን ይቀቅለዋል፣ ከተቀቀለ ደግሞ ጨርቁን አይለቅም። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጨው፣ ትዕግሥት። ቅባት ተቃራኒው ነው፣ ሙቅ ውሃና አመድ ይወዳል። ሽንት የነካው አንሶላ ፀሐይ ካላየ ታጠበ አይባልም። አባ ጽዋውን የሚጠርጉባት ትንሽ ጨርቅ ደግሞ ለብቻዋ ናት። የመጀመሪያው እጣቢዋ ቱቦ ውስጥ አይደፋም፣ እግር የማይረግጠው ዛፍ ሥር ይፈስሳል። አንድ ቀን በወሊድ የሞተች ሴት አንሶላ ዘፍዝፈው፣ የመጀመሪያውን እጣቢ ተሸክመው ወደዚያው ዛፍ ሲሄዱ አየኋቸው።

«እትዬ፣ እሱ እኮ የቅዳሴ አይደለም» አልኳቸው።

«ማን አለሽ?» አሉኝና አፈሰሱት።

ባንድ ልማዳቸው ግን ስንጣላ ነው የኖርነው። ሳይጠይቁ ልብስ አያነሱም። አልጋው አጠገብ ይቆሙና «ልጠብልሽ?» ይላሉ። ሰውየው ተኝቶ ከሆነ እስኪነቃ ይጠብቃሉ። ላልተጠመቀ ሕፃን እንኳ ጎንበስ ብለው «ልጠብልህ?» ይሉታል። ፀሐዩ እያመለጠን!

«ለሕፃን ደግሞ ምን ይጠየቃል?» አልኳቸው አንድ ቀን ተናድጄ።

«ጌታ የጴጥሮስን እግር ነጥቆ አጠበ እንዴ? ጴጥሮስ አታጥበኝም አለ። ጌታ ጎንበስ እንዳለ፣ ውሃው እየቀዘቀዘ፣ አነጋገረው። እሺ ሲለው ነው ያጠበው። ጌታ ያልነጠቀውን እኔ ልንጠቅ?»

እኔ በሆዴ፣ «ጌታ የነበረበት አሥራ ሁለት ሰው ነው፤ እኛ ይሄ ሁሉ አንሶላ አለብን» አልኩ። አፌን ዘግቼ በሆዴ ያልኩት ነው እንግዲህ ጉድ ያደረገኝ።

እትዬ ለተማርያም ደክመው አገራቸው ሲገቡ፣ እኔን ሲስተሮቹ ወደ ሱሉልታ ላኩኝ፣ የአረጋውያን ቤት። ሱሉልታ ለአጣቢ ጠላት ናት። ያሰጣሽው ሱሪ ውርጭ ይመታውና ጠዋት እንደ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ታገኚዋለሽ። አንዱን ሱሪ «እንደምን አደሩ» ብዬዋለሁ። ሯጮቹ ደግሞ በአጥራችን ጥግ ነው የሚያልፉት።

«የት እየሄዳችሁ ነው?» እላቸዋለሁ።

«የትም አንሄድም፣ እማማ!»

የትም ላይሄድ እንዲህ የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም።

እዚያ ብቻዬን ነበርኩ። አጠገቤ ቆሞ የሚቆጣኝ ስላልነበረ መጠየቁን ተውኩት። ሽማግሎቹ ለቁርስ ሲወጡ እገባለሁ፣ ልብሱን ከየአልጋው እገፍፋለሁ፣ እወጣለሁ። የቤቱ ኃላፊ ሲስተር አስካለ «ጠጅቱ ነፋስ ናት» እያሉ ያመሰግኑኛል። እኔም ነፋስነቴን ወደድኩት።

ኦቦ ቱፋ የመጡት ከጫንጮ በላይ ካለ ገጠር ነው። ገበሬ ናቸው። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ አልወለዱም፣ ጎረቤት ነው ይዟቸው የመጣው። አብሯቸው የመጣው ዕቃ አንድ ከዘራና አንድ ቡልኮ ነው። ቡልኮ ለማያውቅ የከተማ ልጅ፣ ከጋቢ የሚወፍር፣ በእጅ የተፈተለ የጥጥ ብርድ ልብስ ነው። የሳቸው ቡልኮ ግን ጥጥነቱን ረስቷል። ጭስ ጠጥቷል፣ አቧራ በልቷል፣ ቅማልም አላጣ። አንዱ ጥጉ ደግሞ በቅቤ ቡናማ ሆኖ እንደ ቆዳ ደርቋል። እኔ ያንን ጥግ ሳይ እጄ በላኝ። አዳኝ አውሬ ሲያይ እንደሚሆነው በሉት።

እሳቸው ቁርስ ላይ እያሉ አነሳሁት። በርሜል ውሃ አፍልቼ ዘፈዘፍኩት። ቅማሉ አለቀ፣ ጭሱ ለቀቀ። ጥጉ እምቢ አለ። በአመድ ውሃ አሳደርኩት፣ በሎሚ ፈተግኩት፣ ፀሐይ አሙቄ እንደገና ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ኦቦ ቱፋ እግራቸው ደካማ ስለሆነ ጓሮ ድረስ መምጣት አይችሉም። «በሏት አሁኑኑ ትመልስልኝ» ብለው ሰው ላኩብኝ።

«ሳይነጣማ አይወጣም በሏቸው!» አልኩ እየሳቅኩ።

ሦስት ቀን ተዋጋሁት። በሦስተኛው ቀን ጥጉ ነጣ፣ እንደ ወተት። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያለ አጠባ አጥቤ አላውቅም፤ አሁንም እላለሁ።

አጥፌ ደረቴ ላይ አቅፌ ክፍላቸው ገባሁ። ሽማግሎቹ «ሙሽራ አደረግሽው!» አሉ። ኦቦ ቱፋ ተቀበሉኝ። አንዱን ጥግ አንስተው አሸተቱ። ሌላውን አሸተቱ። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። እኔ ሞኟ፣ የሳሙናው ሽታ ደስ ብሏቸው መስሎኝ ጥርሴን አውጥቼ ቆሜያለሁ።

ቀና አሉና «ጫልቱ የት አለች?» አሉኝ።

«ጫልቱ ማን ናት፣ ኦቦ ቱፋ?»

«ሚስቴ። ራሷን የምታሳርፍበት ጥግ ነበር። የፀጉሯ ቅቤ ነው።» ቡልኮውን አጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «ፎቶ አልነበራትም። የቀረችኝ እዚች ጋ ነበር። ስቀብራት አላለቀችም ነበር። አንቺ ጨረስሻት።»

ቃላቸው ይሄው ነው። አልጮሁም፣ አልረገሙኝም። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ጌታ «ታርዤ አልብሳችሁኛል» ይላል አይደል? ሲነበብ በሰማሁ ቁጥር ደረቴን ነፋ አደርግ ነበር፣ ሥራዬ ነዋ! ያን ቀን ግን ደረቴን የማስገባበት አጣሁ።

ሲስተር አስካለ ሰምተው ጠሩኝ። «ጠጅቱ፣ ቅማል ያለበት ልብስ ይታጠባል። ደንብ ነው። አላጠፋሽም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ መታጠብ ነበረበት። ግን አንዴ «ልጠብ?» ብያቸው ቢሆን፣ «ያችን ጥግ ተይልኝ» ይሉኝ ነበር። እኔም ያችን ጥግ በእጄ ጨብጬ፣ ቅማሏን ለቅሜ፣ የቀረውን አጥብ ነበር። አንድ ቃል ነበረች፣ ለሷ ጊዜ አጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ኦቦ ቱፋ ልብስ አልሰጡኝም። ሸሚዛቸውን ራሳቸው ጆግ ውስጥ ይነክሩታል፤ ማጠብ አይባልም፣ ማስፈራራት ነው። ቡልኮውን አይለብሱትም፣ ከፍራሹ ሥር አስገብተውታል። በዚያ በሱሉልታ ብርድ! ሳል ያዛቸው። እኔ በሳላቸው ልክ አጥንቴ ይሰበራል።

አዲስ ጋቢ ወሰድኩላቸው። «ላኪ» አሉ። ላኪ በኦሮምኛ አይሆንም ማለት ነው። ለጋ ቅቤ ይዤ ሄጄ «ጥጉን ልቀባልዎት» አልኩ። ይሄንን ሳወራ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

«የላም ቅቤ ነው» አሉኝ። «ጫልቱ ላም አይደለችም።»

የአገራችን ደንብም ገና ይቀረኝ ነበር። የበደለ ሰው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል። ከጓሮ ትልቁን መርጬ፣ ወገቤ እየተንቋቋ፣ ተሸክሜ ገባሁ። ሽማግሎቹ ሁሉ ተነሥተው «ስለ እግዜር ይቅር በላት» አሏቸው። ኦቦ ቱፋ ድንጋዩን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ጥሩ ድንጋይ ነው። ካመጣሽው አይቀር በሩ ሥር አድርጊው። ነፋሱ እየደበደበው አስቸግሮናል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ? ድንጋዩን በሩ ሥር አስቀመጥኩት። በሩ ዝም አለ። ይቅርታው ግን የለም።

እሁድ ቅዳሴ ላይ ያ ወንጌል ተነበበ። መባህን ይዘህ ስትመጣ ወንድምህ የተቀየመህ መሆኑ ትዝ ካለህ፣ መባህን እዚያው ትተህ መጀመሪያ ሄደህ ታረቅ የሚለው። ስንቴ ሰምቼዋለሁ! ያን ቀን ግን አባ ዮናስ እኔን እያዩ ያነበቡት መሰለኝ። ለቁርባን አልተሰለፍኩም። በሚቀጥለውም እሁድ አልተሰለፍኩም። ጸሎት ቤቱ ትንሽ ነው፤ አንድ ሰው ቁጭ ካለ ሁሉም ዞሮ ያያል። ለኑዛዜ ገባሁ።

«ምን በደልሽ?» አሉኝ አባ ዮናስ። ወጣት ቄስ ናቸው፣ ከአዲስ አበባ ነው የሚመላለሱት።

«ልብስ አጠብኩ፣ አባ።»

«ልብስ ማጠብ ኃጢአት አይደለም።»

«የኔን አጠባ ስላላዩት ነው።»

ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰሙኝና ፈቱኝ። «እግዚአብሔር ይቅር ብሎሻል፣ መቁረብ ትችያለሽ» አሉኝ።

«እግዜርማ ቡልኮ የለውም። ኦቦ ቱፋ ካልታረቁኝ አልሰለፍም።»

«እልኸኛ ሴት ነሽ! እንግዲያስ ቀኖናሽ ይሄ ነው። በየቀኑ ትንሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። ምንም ይዘሽ አትሂጂ። ምንም አታጥቢ። ይቅርታም አትለምኝ። ቁጭ በይ።»

ለኔ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ! በድንጋይ ቢወግሩኝ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግድግዳ ያያሉ፣ እኔ እሳቸውን አያለሁ። ሳላውቀው የነጠላዬን ጫፍ ስፈትግ ያዙኝ።

«ደረቅ ነው፣ ተዪው» አሉኝ። ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ያሉኝ ይሄን ነው።

በማግስቱ ደግሞ፣ «ሥራ የለሽም?» አሉኝ።

«ሥራዬ ይሄ ነው። አባ ናቸው ያዘዙኝ።»

«ምን ይሰጡሻል?»

«ገነት ነው ያሉኝ።»

አሰቡበት። «አንቺ ገነት ከገባሽ መላእክቱን ራቁታቸውን ነው የምታስቀሪያቸው» አሉ።

ቀስ በቀስ ስለ ጫልቱ ያወሩኝ ጀመር። ጭቃ ይዘው ቤት ሲገቡ በማማሰያ ታባርራቸው እንደነበረ። ገበያ ስትሄድ በሬዎቹን ተሰናብታ እሳቸውን ረስታ እንደምትወጣ። ተኝታ እንደምትስቅ፣ ሲነቀንቋት «ምነው ቀሰቀስከኝ፣ ጥሩ ቦታ ነበርኩ» እንደምትላቸው። ቅቤዋ ውስጥ አሪቲ ትጨምር እንደነበረ። እኔ አፌን ይዤ እሰማለሁ። እኔን የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

«አንቺንም ትወድሽ ነበር» አሉኝ አንድ ቀን። «እሷም የማትሰማ ሰው ነበረች።»

ክረምቱ ሲጠና ቡልኮውን ከፍራሽ ሥር አውጥተው ለበሱት። «በርዶኝ ነው፤ ላንቺ አይምሰልሽ» አሉኝ። አልመሰለኝም።

ያን ሁሉ ጊዜ ልብስ ስሰበስብ እንደ ሁሉም አልጋ የሳቸውም ጋ እቆማለሁ። አሁን የሁሉንም እጠይቃለሁ፣ የተኛውንም እስኪነቃ እጠብቃለሁ፤ ነፋስነቴ ቀርቷል። «ኦቦ ቱፋ፣ አካም ቡልተን፣ እንደምን አደሩ? ልብስዎን ልጠብ?» እላለሁ። «ላኪ» ይላሉ። እሺ ብዬ አልፋለሁ። የሰው እምቢታ ይዤ በሰላም መውጣት በእርጅናዬ ነው የተማርኩት።

አንድ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ የገላ ቀን ነው። ወንዶቹን የሚያጥባቸው ወንድ ሠራተኛ ለቅሶ ሄዶ አልመጣም። እኔ ቅርጫቴን ይዤ ደረስኩ።

«ኦቦ ቱፋ፣ ልብስዎን ልጠብ?»

ላኪ አላሉም። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና፣ «ዲቂ» አሉኝ።

ኦሮምኛ ለማያውቅ ልንገር። አማርኛ ላይ ልብስም ይታጠባል፣ ሰውም ይታጠባል፣ ቃሉ አንድ ነው። ኦሮምኛ ይለያቸዋል። ልብስ ከሆነ «ሚጪ» ነው የምትባዪው። ሰው ከሆነ «ዲቂ» ነው። እኔ የጠየቅኩት ልብስ ነው። ሽማግሌ ናቸው፣ ተሳሳቱ ብዬ፣ «ሚጪ ማለትዎ ነው?» አልኳቸው።

«ላኪ» አሉ። «ዱግዳ ኮ ናፍ ዲቂ።»

ጀርባዬን እጠቢልኝ ማለታቸው ነው።

«እጄ አይደርስበትም፤ ጫልቱ ነበረች የምታጥበኝ። ያ ሰውዬ ደግሞ እንደ ፈረስ ነው የሚያሸኝ።»

ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አመጣሁ። ሸሚዛቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ጀርባቸው የአጥንት ድርድር ነው፣ ትከሻቸው ላይ ሸክም ያጠቆረው ሁለት ጠባሳ አለ። ይሄን ሁሉ ዘመን ጨርቅ ስፈትግ ኖሬ፣ እጄ ሰው አያውቅም ነበር። ጀመርኩ።

«ቀስ በይ!» አሉ። «ቡልኮ አይደለሁም።»

«ጥጉን ልተወው?» አልኳቸው።

አመለጠኝ! ጀርባቸው እጄ ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ። በቃ፣ ሁለተኛ ገደልኳቸው ብዬ ዞሬ ፊታቸውን አየሁ። እየሳቁ ነው። ጥርስ በሌለው አፋቸው፣ እንባቸው እስኪወርድ። እኔም ሳፋው አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ፣ ውሃው እስኪቀዘቅዝ። እንደገና አሙቄ ጨረስኩላቸው።

እሁድ አባ ዮናስ ከቅዳሴ በፊት በር ላይ አገኙኝ።

«እህ፣ ይቅር አሉሽ?»

«ኧረ አላሉኝም፣ አባ።»

«ምን አሉሽ ታዲያ?»

«ጀርባቸውን አሳጠቡኝ።»

ከበሩ ፈቀቅ አሉልኝና፣ «እንግዲያስ ዛሬ ከፊት ተሰለፊ» አሉኝ።

ከፊት ተሰለፍኩ።